ከፖሊ ቴክኒክ እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ የባሕር ዳር የቴክኒክ ትምህርትና የመካከለኛው ባለሙያ ዕጣ



በባሕር ዳር ከተማ ለባጃጅ ነጂ «ፖሊ» ብትሉት የት እንደሚያደርሳችሁ ያውቃል። ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በዚያ ስም ራሱን ችሎ መኖር ካቆመ ብዙ ዓመት ቢያልፍም የግቢው ስም አልተለወጠም። መምህራን ይሠለጥኑበት የነበረው ግቢም እስከ ዛሬ «ፔዳ» ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ስሙ በሕዝብ አፍ ሲቀር፣ ሥራውስ ወዴት ሄደ?

ነገሩን ከጋፋት ልጀምር። ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚህች መንደር ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ድካም ውጤት ነው። ስለ ጋፋት ሲወሳ ዘወትር የሚነገረው ስለ መድፉ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመድፉ በኋላ የሆነው ነው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲያልፉ ፈረንጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋት ምድጃም በዚያው ቀረ። በአገሩ ቀጥቃጭና አንጥረኛ አልጠፋም ነበር። የጠፋው አዲሱን ዕውቀት ተቀብሎ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያሻግር ተቋም ነው።

የእጅ ሥራ ይታይበት የነበረው ዓይንም ለዚህ አላገዘም። አንጥረኛው «ቡዳ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ነገር ግን ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል እንጂ ለሥራው ማዕርግ አይሰጠውም። ማዕርግ የመጣው መንግሥት ራሱ ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ምስክር ወረቀት ሰጥቶ፣ ደመወዝ ሲቆርጥለት ነው። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ትምህርት ቤት «ተግባረ ዕድ» ተብሎ መሰየሙን ልብ ይሏል። የቅኔና የቅዳሴ ቋንቋ በሆነው በግእዝ የቀጥቃጩንና የአናጢውን ሥራ መጥራት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ ዐዋጅ የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

ወደ ባሕር ዳር እንመለስ። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ። ድርድሩ ዓመታት ፈጅቶ፣ ገንዘቡም ከተወሰነው አንሶ በመጨረሻ የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠሩበት። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሌላ በኩል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ጎብኝተው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ተፈቅዶላቸው ነበር፤ የአሜሪካ ወዳጅ የነበረ ዘውዳዊ መንግሥት ከኮሚኒስቶች ዘንድ መሄዱ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል። ከብድሩ አብዛኛው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የሁለቱ መንግሥታት የቴክኒክ ትብብር ግን በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትን አስገኘ። በማግስቱ ዓመት የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ።

እንግዲህ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤትና መብራት ተገናኙ። የኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ይህን አቀማመጥ ይመስላሉ፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪና የእርሻ መካኒክ። ዓላማው ንድፍ አውጪ መሐንዲስ ማፍራት አልነበረም። ሌላ አገር የተሠራውን መሣሪያ የሚረዳ፣ ሲሰበር የሚጠግን፣ መለዋወጫ ሲጠፋ በመኮረጃ ማሽን ቀርጾ የሚተካ ቴክኒሻን ማውጣት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሰው ዋጋ የሚታወቀው ማሽኑ በቆመ ዕለት ነው። የሸመና ማሽን የመጣበት አገር ሩቅ ነው፤ የውጭ ምንዛሪም እንደ ልብ አይገኝም። ጋፋት ያጣችው ይህንን ሰው ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢንስቲትዩቱ በዲግሪ የሚያስተምር የምሕንድስና ፋኩልቲ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በዚህ ላይ ፈራጅ መሆን ቀላል አይደለም። ዲፕሎማ የያዘ ቴክኒሻን ከእሱ ያነሰ የተግባር ዕውቀት ያለው ባለዲግሪ አለቃ ሲሾምበት ይኖር ነበር፤ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል አልነበረውም። የዲግሪ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ጥፋቱ፣ ጥፋት ካልነው፣ ላይኛው እርከን ሲሠራ መካከለኛው ከግቢው መውጣቱ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወደ ሌሎች ኮሌጆች ተዛወረ፤ መሐንዲሱና ቴክኒሻኑ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ መምህር ፊት መገናኘታቸው ቀረ። ዛሬ ወላጅ ልጁን ወደ ሙያ ኮሌጅ የሚልከው ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሲያጥረው ነው። በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ የተከለከለው ንቀት መልኩን ለውጦ በነጥብ በኩል ተመልሷል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ቢሆንም ክሩ ፈጽሞ አልተበጠሰም። ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ የነበረው ጨርቃ ጨርቅ አድጎ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ በካሣ ገንዘብ የተተከለው ፋብሪካም በዚያው ከተማ ነው። ተማሪዎቻችን ለተግባር ልምምድ ወደዚያ ሲሄዱ ከማሽኑ አጠገብ የሚያገኙትን ሰው፣ ዲግሪው ምንም ይሁን ምን፣ «መምህሬ» ብለው ሊጠሩት የሚችሉበትን ሥርዓተ ትምህርት እንዴት እንቅረጽ? ውይይቱን ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።