ከአሞሌ እስከ ቴሌብር፦ የሰፈር ሱቅ ያለፈበት መንገድ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ሱቅ ስትልከኝ፣ የታዘዝኩት እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሙሉ «ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ክብሪት፣ ሁለት ሻማ» እያልኩ እሮጥ ነበር። ገንዘብ ካልያዝኩ «ይጻፍልን ብላለች» እላለሁ። ጋሼ ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተላላጠ፣ ዘይት የጠጣ ደብተር ያወጣሉ፤ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እስክርቢቶ ይነቅሉና ገጻችንን ፈልገው ይጽፋሉ። እናቴ እዚያ ደብተር ላይ በስሟ አልተመዘገበችም፤ «የማሙሽ እናት» ነበረች። ፊርማ የለም፣ ዋስ የለም፣ መታወቂያ አይጠየቅም። ደመወዝ ሲወጣ ሒሳቡ ይዘጋል፣ መስመሩ ይሰረዛል፣ በማግሥቱ ሌላ መስመር ይጀመራል።

የአዲስ አበባን ከ130 ዓመት በላይ ዕድሜ ከዚያ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ መቃኘት ይቻላል። መንግሥት ተቀያይሯል፤ ባንኮኒው ላይ የሚቆመውም ሰው ተቀያይሯል። ዱቤው ግን ሁሉንም አልፎ እዚህ ደርሷል።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ገበያዋ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የሚቆም ገላጣ ገበያ ነበር። ትልቁ ግብይት በማርያ ቴሬዛ ብር ይካሄዳል፤ ለዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ነበረ። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው መልክ ብር አስቀርጸው እንኳ አሞሌው ወዲያው ከገበያ አልወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ችርቻሮ ያለ ዝርዝር አይቆምም። ጥቂት በርበሬ የሚገዛ ሰው ሙሉ ብር አውጥቶ መልስ ከየት ያገኛል?

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሸቀጡ በዛ። ጨርቁን፣ ስኳሩን፣ ላምባውን የሚያስመጡት በአብዛኛው የውጭ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሕንዳዊው የመሐመድ አሊ ኩባንያ፣ አርመኖች፣ ግሪኮች። «ሱቅ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው። በዐረብኛ ገበያውን ሁሉ ይጠራል፤ በእኛ አፍ ግን ጠቦ አንዲት ቤት ሆነ። ቤት የሌለው ነጋዴ ደግሞ ሸቀጡን በጣውላ ደርድሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዞረ፤ ሕዝቡም «ሱቅ በደረቴ» አለው።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የጣሊያን ወራሪ ከተማዋን በዘር ሊከፋፍል ሲነሣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። አራዳ ፒያሳ ተባለ፤ አዲሱ ሥፍራም መርካቶ። እንደ መሐመድ አሊ ያሉ ትልልቅ የውጭ ድርጅቶች በዚያው ዘመን ተዘጉ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ቢባረርም መርካቶ በቦታው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ሱቅ አሠራር ተለይቶ ወጣ፤ ጅምላው መርካቶ፣ ችርቻሮው በየመንደሩ። ባለሱቁ ማለዳ መርካቶ ወርዶ ጆንያውን አሸክሞ ይመለሳል፤ ከዚያም ጆንያውን ለመንደሩ በሩብ ኪሎ ይበትናል።

በዚህ መበተን የመጀመሪያዎቹ ስመ ጥሮች የየመን ዐረቦች ነበሩ። በየሰፈሩ «ዐረብ ሱቅ» የሚባል አይጠፋም ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ይከፈታል፣ አምሽቶ ይዘጋል። ሳሙና ለሁለት ተቆርጦ፣ ሲጋራ በነጠላ፣ ዘይት በሲኒ ተለክቶ ይሸጥበታል። በቀን ለሚያገኝ ሰው በቀን ልክ የሚሸጥለት ያስፈልገዋልና፣ ይህ የችርቻሮ ጥበብ ሥር ሰደደ።

ጥበቡን ወርሰው ያስፋፉት በተለይ ከጉራጌና ከስልጤ ምድር የመጡ ወጣቶች ናቸው። መንገዱ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር። ልጁ ከአገር ቤት ይመጣል፤ ወይ ሊስትሮ ይጀምራል፣ ወይ አጎቱ ሱቅ ይገባል። ቀን ባንኮኒ ላይ ይቆማል፣ ሌሊት እዚያው በጆንያዎቹ መካከል ይተኛል። ደመወዙ ምግቡ፣ መኝታውና ትምህርቱ ነው፤ ሚዛን መያዝን፣ የደንበኛን ጠባይ ማወቅን፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ ለማን እንደማይሰጥ መለየትን ይማራል። ሲጎለምስ አጎት የራሱን ሱቅ ያስከፍተዋል። እርሱም በተራው ታናሽ ወንድሙን ያስመጣል።

የዚህ ሁሉ ባንክ ዕቁብ ነበር። አባላቱ በየሳምንቱ ይጥላሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። መሬትም ቤትም የሌለውን ወጣት ባንክ አያበድረውም፤ ዕቁብተኞቹ ግን ያውቁታል። ሀብቱም ከተማ ላይ አልቀረም። በ1950ዎቹ የከተማው ጉራጌ ገንዘብ አዋጥቶ በትውልድ አገሩ መንገድ ማሠራቱን ታሪክ መዝግቦታል። መስቀል ሲደርስም ባለሱቁ በሩን ዘግቶ አገር ቤት ይገባል፤ ሰፈርተኛው ያን ሳምንት ክብሪት ፍለጋ ሲዞር ባለሱቁ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ይገባዋል።

የ1966ቱ አብዮት ባለሱቁን በጥርጣሬ ዓይን አየው። በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ድርጅቶች ተወረሱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ሱቅ ተከራይቶ የሚሠራ ሁሉ አከራዩ መንግሥት ሆነ። በ1968 ዓ.ም. የወጣ አዋጅም ለግል ችርቻሮ ንግድ የ200,000 ብር የካፒታል ጣሪያ አበጀለት። ከየመን ዐረቦቹ ብዙዎቹ በእነዚያ ዓመታት አገር ለቀቁ።

ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በኩፖን መታደል ጀመሩ። የቀበሌው ሱቅ ለድሃው ቤት በርካሽ ማዳረሱ አይካድም፤ ያን ማስታወስ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ኩፖኑ የቤተሰቡን ቁጥር እንጂ በቤቱ ለቅሶ መግባቱን አያውቅም። ወር ሳይሞላ ያለቀበት ሰው ተመልሶ የሚያንኳኳው ያንኑ የግሉን ሱቅ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ፣ ሱቁም በዛ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላጡ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር የተተከሉትን ቤቶች ሕዝቡ በከንቲባው ስም «የአርከበ ሱቅ» ብሎ ጠራቸው። ሆኖም ባለሥልጣን ባለሱቁን የሚያይበት ዓይን ብዙም አልተለወጠም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጥል፣ ከጅምላ አከፋፋዩ ከጣሪያው በላይ የገዛ ቸርቻሪ በምን ሒሳብ ይሽጥ? ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ከወራት በኋላም ጣሪያው ከጥቂት ሸቀጦች በቀር ተነሣ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የቀን ገቢ ግምት መጣ። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ የያኔው ሕግ አያስገድዳቸውም ነበር፤ ስለዚህ ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የቀን ሽያጩን ገመቱ። ብዙዎች በደነገጡበት ግምት ሳቢያ በበርካታ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። በደብተር የተጻፈ ሽያጭ ገና እጅ ያልገባ ገንዘብ ነው። ገማቹ መደርደሪያውን ቆጥሮ ደብተሩን ካልቆጠረ፣ ባለሱቁ ለጎረቤቱ ባመነበት ይቀጣል።

ይህ ጥበብ ባሕርም ተሻግሯል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች ለስደተኛው የወሬ መቀባበያም ናቸው። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ወደ ደቡብ አፍሪካ የወረዱ ወጣቶችም በጥቁሮች መንደሮች ስፓዛ የሚባሉ ትንንሽ ሱቆችን ከፍተው፣ በትንሽ ትርፍና በዱቤ መሥራት ቀጠሉ። በ2000 ዓ.ም. ግንቦት በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣው ጥቃት የብዙ ስደተኛ ሱቆችን አዘርፏል። እንግዳ ሆኖ በሰው ሰፈር ሱቅ መክፈት ምን ያህል መጋለጥ እንደሆነ የኛ ልጆች በደማቸው አውቀውታል።

ዛሬስ? በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር የመልስ ሳንቲምን ጣጣ አቅልሏል፤ በመልስ ፈንታ ማስቲካ መቀበልም እየቀረ ነው። በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ወረደ። የሸቀጥ ዋጋ ሲንር ደግሞ ዱቤ የሚሰጥ ሰው በየቀኑ ይከስራል፤ ዛሬ በደብተር የጻፈው ዘይት ወር ሲደርስ በዚያው ብር አይተካም። ሰፈሮችም እየተነሡ ነው። ወደ ኮንዶሚኒየም ያመራው ባለሱቅ ከሕንፃው ሥር ያለውን ንግድ ቤት በጨረታ ከባለገንዘብ ጋር ሊወዳደርበት ነው።

ትልቅ መደብር መምጣቱን አልቃወምም፤ የጸዳ ዕቃና የተሻለ ዋጋ ይዞ ይመጣል። ግን ያለ ደመወዝ ለከረመ ቤት ሩብ ኪሎ ስኳር አይጽፍም። ከተማ የሚያቅዱ ሰዎች ለመኪና ማቆሚያ ቦታ እንደሚለኩ ሁሉ ለሰፈር ሱቅም ኪራዩ የሚቻል ቦታ ይለኩለት። ግብር የሚተምኑትም ደብተሩን ገልጠው ይዩት።

የማውቃቸው አንድ ባለሱቅ ሰፈራቸው ሲነሣ ዕቃቸውን ሲያወጡ ነበርኩ። መደርደሪያውን ሸጡት፣ ሚዛኑን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት፣ ደብተሩን ግን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው እየመጡ ዕዳቸውን የከፈሉ ነበሩ። ያልመጡም አሉ። ባለሱቁ የእነዚያን ስም እስካሁን አልሰረዙም፤ ይመጣሉ ብለው ነው።