በቫልዶኮ የተከፈተው የወጣቶች ቤት

ስለ አንድ ማኅበር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የመሥራቹን ስብከትና ትሩፋት ሲዘረዝር ይውልና ማኅበርተኞቹ የተሰበሰቡበትን ክፍል፣ የክፍሉን ኪራይ የከፈለውን ሰውና ጫጫታውን የታገሠውን ጎረቤት ሳያነሣ ያልፋል። በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ፣ በልማድ ዶን ቦስኮ የሚባለው፣ ያቋቋመውን የካቶሊካውያን ወጣቶች ማኅበር ታሪክ ግን በዚህ ዓይነት ልጻፍህ ቢሉት እሺ አይልም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታሪኩ ከሞላ ጎደል ቤት የመፈለግና ከቤት የመባረር ታሪክ ነውና። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በዚያን ዘመን ቶሪኖ የሳርዴኛ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በ1848 ሕዝቧ ከ130,000 በላይ የደረሰው፣ ከአልፕስ ሸለቆዎችና ከፒየሞንቴ ገጠሮች እንጀራ ፍለጋ ይጎርፍ በነበረው ሰው ብዛት ነው፤ ከዚህም ሰው መካከል ብዙዎቹ ገና ጢም ያላበቀሉ፣ ለግንበኛ ኖራ የሚያቀብሉ፣ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ የጭስ ማውጫ የሚጠርጉ ልጆች ነበሩ። ስድስቱን ቀን አሠሪው ያዛቸዋል፤ ሰንበት በደረሰ ጊዜ ግን የሚያዛቸውም፣ የት ዋላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። መምህሩ አባ ጁዜፔ ካፋሶ፣ በ1841 ማዕርገ ክህነት የተቀበለውን ወጣቱን ዶን ቦስኮን ወደ ወኅኒ ቤት ይዞት በሄደ ጊዜ፣ ወጣቱ ካህን ያየው ከ12 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጤነኛ ልጆች በተባይ ሲበሉ ነው፤ ከዚያም በላይ ልቡን የነካው፣ ተፈትተው የወጡት ብዙም ሳይቈዩ ተመልሰው መግባታቸው ነው። የሚመልሳቸው ክፋታቸው ብቻ ሳይሆን በውጭ የሚቀበላቸው ሰው ማጣታቸው መሆኑን ያስተዋለው በዚያ ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን፣ የእመቤታችን የንጽሕት ፅንሰት በዓል፣ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያን ዶን ቦስኮ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ አንድ የግንበኛ ረዳት ልጅ በዕቃ ቤቱ ማዕዘን ቆሞ ነበር። ዕቃ ጠባቂው ቅዳሴ አግዝ ቢለው አላውቅም ብሎ መለሰለት፤ ሰውየውም የአቧራ መጥረጊያውን ዘንግ አንሥቶ እየደበደበ አባረረው። ዶን ቦስኮ፣ ይህ ልጅ ወዳጄ ነው ብሎ አስጠራው፤ ከቅዳሴም በኋላ ስሙንና አገሩን ጠየቀው። ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የሚባል፣ የአስቲ ተወላጅ፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ አባትና እናቱ የሞቱበት፣ ማንበብም መጻፍም የማያውቅ ነበር። ትምህርተ ክርስቶስ እዚያው ተጀመረ፤ በተከታዩም ሰንበት ጋሬሊ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ።

ነገሩ ከዚያ በፊት ያልታሰበ አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪ በሮማ ወጣቶችን በጸሎት፣ በዜማና በሽርሽር ይሰበስብ ነበር፤ በቶሪኖም ቢሆን አባ ጆቫኒ ኮኪ በ1840 ለድሆች ልጆች የሰንበት መሰብሰቢያ ከፍቶ ነበር። የዶን ቦስኮ ልዩነቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ጨዋታውን ለትምህርቱ እንደ መደለያ ሳይሆን የትምህርቱ ግማሽ አካል አድርጎ መያዙ ነው። ጨዋታ ግን ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ያለውም ሰው ጨዋታ አይፈልግም። የሚቀጥሉት ዓመታት ጭንቅ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተገኙት ከአንዲት ባለጸጋ ሴት ነው። ወይዘሮ ጁልያ ዲ ባሮሎ፣ በማዕርግ ማርኬዛ የነበሩት፣ በቫልዶኮ ሰፈር ለሴቶች ልጆች መጠጊያ አሠርተው፣ ዶን ቦስኮን በካህንነት ቀጥረውት ነበርና፣ ገና ሕሙማን ካልገቡበት ትንሽ ሆስፒታላቸው ሁለት ክፍል ፈቀዱለት፤ እነዚህም ክፍሎች ዲሴምበር 8 ቀን 1844 ተባርከው ተከፈቱ፤ ማኅበሩም በትዕግሥቱና በየዋህነቱ በታወቀው ጳጳስ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳሌስ ስም ተጠራ። ሆስፒታሉ በ1845 ሥራውን ሊጀምር ሲል ልጆቹ መውጣት ግድ ሆነባቸው። ብዙ ጸሓፊዎች እኚህን ሴት እንደ ከልካይ አድርገው ይሥሏቸዋል፤ እኔ ግን ፍርዱ ሚዛን የጎደለው ይመስለኛል፤ ሌላው ሁሉ በሩን በዘጋበት ጊዜ መጀመሪያ የከፈቱት እርሳቸው ናቸውና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ስደት ነው። በቅዱስ ጴጥሮስ ዘመዋቅሕት መካነ መቃብር አጠገብ ሰፊ አጥርና ቤተ ጸሎት ስለ ነበረ፣ በሜይ ወር 1845 በአንድ ሰንበት ልጆቹ ወደዚያ ጎረፉ። ከቅዳሴ በኋላ በአጥሩ ውስጥ ሲሯሯጡና ሲጮሁ፣ የመካነ መቃብሩ ካህን ቤት ጠባቂ ሴት ሻሿ ተንሻፎ፣ እጇን በወገቧ አድርጋ እየተሳደበች ወጣች፤ ከእርስዋም ጋር አንዲት ልጃገረድ ትጮኻለች፣ ውሻው ይጮኻል፣ ድመቷ ትነጫነጫለች፣ ዶሮዎቹም ይንጫጫሉ። ይህን ዶን ቦስኮ በማስታወሻው ሲተርከው ፈገግ እያለ እንደ ጻፈው ያስታውቃል። ካህኑ በዚያው ዕለት ለከተማው ሹማምንት የክስ ደብዳቤ ላከ፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ ሞተ። ሞቱን እንደ መለኮታዊ ቅጣት የተረጐሙ አሉ፤ እኔ በሽተኛና ሽማግሌ ሰው ጸጥታ መፈለጉን እንደ ኃጢአት አልቈጥርበትም።

ቀጥሎ ከተማው በዶራ ወንዝ አጠገብ ባሉት ወፍጮ ቤቶች ያለችውን የቅዱስ ማርቲኖስን ቤተ ጸሎት ፈቀደላቸው፤ ነገር ግን ቅዳሴ መቀደስ አይቻልም ነበርና ጠዋት ጠዋት ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረባቸው፤ ወፍጮኞቹም ብዙ ሳይቈዩ ጫጫታው በዛብን ብለው አመለከቱ። ክረምቱን በሞሬታ ቤት ሦስት ክፍል ተከራይተው የማታ ትምህርት ቢጀምሩ፣ ጎረቤት ተከራዮች ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኛ እንወጣለን አሉ። በመጨረሻ በማርች ወር 1846 ከፊሊፒ ወንድማማቾች ሜዳ ተከራዩ፤ በዚያም ዶን ቦስኮ ከአጥሩ ጥግ በጉብታ ላይ ተቀምጦ ሲያናዝዝ፣ ቀሪዎቹ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ከሜዳውም ያባረራቸው ነገር ቢኖር ሣሩ ነው፤ ሥሩ በልጆቹ እግር ተረግጦ አለቀ ብለው ባለቤቶቹ ኪራዩን አፈረሱ። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ማርኬዝ ሚኬሌ ካቩር ደግሞ ይህን ያህል የወጣት ጉባኤ ለሁከት የሚያመች ነው ብሎ በየሰንበቱ ዘበኞች ይልክ ነበር።

አፕሪል 5 ቀን፣ በላቲን ሥርዓት የሆሣዕና ሰንበት፣ ሜዳውን የሚለቁበት የመጨረሻው ቀን ሆነ። በዚያ ጠዋት ልጆቹ በሰልፍ ዜማ እያዜሙ ወደ ማዶና ዲ ካምፓኛ የካፑቺን ገዳም ለጸሎት ሄዱ። ለእኛ አንባቢዎች ይህ ገዳም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን አባ ማስያስ እየተባለ ይጠራ የነበረው፣ በሸዋ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ዘንድ ዓመታት የኖረው ጉልዬልሞ ማሳያ፣ በ1826 የምንኵስና ልብስ የለበሰው በዚሁ ስፍራ ነው፤ እርሱም የአስቲ ኮረብቶች ልጅ ሲሆን፣ ልጆቹ ቤት አጥተው በሚንከራተቱበት በዚያው 1846 የጵጵስና ሢመት ተቀብሎ ወደ ኢትዮጵያ ተነሣ።

በዚያው ሰንበት ከሰዓት በኋላ ዶን ቦስኮ ከልጆቹ ተለይቶ ሲተክዝ፣ ፓንክራትሲዮ ሶአቬ የሚባል ተብታባ ሰው ቀርቦ፣ ፍራንቸስኮ ፒናርዲ የሚያከራየው ቤት እንዳለው ነገረው። ሄዶ ያየው ግን ቤት ሳይሆን ከፒናርዲ ቤት ግድግዳ ጋር የተደገፈ፣ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 6 ሜትር ያህል የሆነ ዝቅተኛ ዳስ ነበር። ጣራው ለሰው ራስ ስለማይበቃ፣ ፒናርዲ ወለሉን ግማሽ ሜትር ያህል ቈፍሮ ዝቅ ሊያደርግና ሳንቃ ሊያነጥፍበት ተስማማ። የኪራዩ ውል የተጻፈው በዶን ቦስኮ ስም አልነበረም፤ ለሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ 300 ሊራ እንከፍላለን ብሎ የፈረመው አባ ጆቫኒ ቦረል የሚባል፣ ራሱን ለማሳየት ከቶ የማይወድ ካህን ነበር። የዚህ ሰው ስም በብዙ መጻሕፍት በኅዳግ ብቻ ማለፉ ያሳዝነኛል።

ሠራተኞቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲቈፍሩና ሲያነጥፉ ሰነበቱ፤ አፕሪል 12 ቀን 1846፣ በትንሣኤ በዓል፣ ዳሱ ተባርኮ ተከፈተ። በእኛ አቈጣጠር ዕለቱ ሚያዝያ 5 ቀን 1838 ዓመተ ምሕረት ነበር፤ በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ፋሲካ በሳምንት ይዘገይ ስለ ነበረ፣ የቶሪኖ ልጆች የትንሣኤን ዜማ ሲያዜሙ የእኛ አያቶች ገና ዘንባባ ይዘው ሆሣዕና እያሉ ነበር።

በአዲሱ ቤት የሰንበት ውሎ እንዲህ ነበር። ጠዋት ኑዛዜ ይሰማል፤ ቅዳሴው የተናዛዡ ብዛት እየጐተተው ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ከዚያ ወንጌል ይተረጐማል፤ እስከ እኩለ ቀን ንባብና ጽሕፈት ይማራሉ። ከምሳ በኋላ ኳሱ፣ በረጅም እንጨት ላይ ቆሞ መራመዱ፣ በእንጨት ጠመንጃ ሰልፍ መሰለፉ ይቀጥላል፤ ከዚያ ትምህርተ ክርስቶስ፣ ጸሎተ ሠርክና አጭር ስብከት፣ ደግሞም ጨዋታ እስኪጨልም ድረስ። ሲመሽ ካህኑን በመካከል አድርገው እየዘመሩ እስከ ሮንዶ አደባባይ ይሸኙታል፤ በዚያም ተሰነባብተው ወደየማደሪያቸው ይበተናሉ። ሮንዶ በዚያን ዘመን ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች የሚሰቀሉበት ስፍራ ነበር፤ አባ ካፋሶም እስከ ገመዱ ድረስ እየተከተለ የሚያጽናናቸው በዚሁ አደባባይ ነው። ልጆቹ በየሰንበቱ ደኅና እደሩ የሚባባሉት እዚያ ላይ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ቤት ማንን ከምን ሊያድን እንደ ተከፈተ ከስብከት ሁሉ ይልቅ ይገባኛል።

የዳሱ ዝቅተኛነት አልተረሳም። በ1847 ሊቀ ጳጳሱ ሉዊጂ ፍራንሶኒ ለልጆቹ ምሥጢረ ሜሮን ሊሰጥ መጥቶ፣ በመንበሩ ደረጃ ላይ ቆሞ አክሊሉን ቢደፋ ከጣራው ጋር ተጋጨና ራሱን ዝቅ አድርጎ ለመቆም ተገደደ።

ዶን ቦስኮ በ1846 በጋ በሳምባ በሽታ ለሞት ተቃርቦ ከዳነ በኋላ፣ በኖቬምበር 3 ቀን እናቱን ማርጌሪታን ከገጠር ይዞ በፒናርዲ ቤት ክፍሎች ተከራይቶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የቀን መዋያ ብቻ አልሆነም። ቀደም ብሎ ያሳደሯቸው ልጆች አንሶላውንና ብርድ ልብሱን፣ ገለባውን ሳይቀር ሰብስበው ጠፍተው ነበር፤ ሆኖም በሜይ 1847 በዝናብ የራሰ ከቫልሴዝያ የመጣ የ15 ዓመት የሙት ልጅ ማታ በር ቢመታ፣ ማርጌሪታ በምድጃው አጠገብ አሙቃ ሾርባ አበላችው፤ በጡብና በሳንቃ አልጋ ሠርታ እዚያው በማድ ቤቱ አስተኛችው፤ የማድ ቤቱንም በር ቈለፈችበት። ቸርነትና ጥንቃቄ በአንዲት እጅ ሲሠሩ ማየት ለሚወድ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1851 ዶን ቦስኮ፣ ቦረል፣ ካፋሶና ሮቤርቶ ሙሪያልዶ አራት ሆነው የፒናርዲን ቤት በ28,500 ሊራ ገዙ፤ ለዚህም ፈላስፋው ካህን አንቶንዮ ሮዝሚኒ 20,000 ሊራ በወለድ አበደራቸው። በቀጣዩ ዓመት የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳሌስ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት፣ ዳሱ ከቤተ ጸሎትነት ዐረፈ፤ በ1853 የጫማ ሰፊዎችና የልብስ ሰፊዎች ሥራ ቤት ተጀመረ፤ በ1856 የፒናርዲ ቤት ከነዳሱ ፈርሶ በቦታው ትልቅ ሕንፃ ተሠራ። ከዚህ ግቢ የወጣው፣ በዚያው በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳሌስ ስም የተጠራው የሳሌዥያን ማኅበር ካህናት በ1975 ወደ አገራችን መጥተው በመቀሌ ሥራ ጀመሩ።

አሁን በየቁምስናው ላላችሁ የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊዎች አንድ ልመና አለኝ። አዲስ ክፍል ስትከፍቱ የቡራኬውን ፎቶግራፍ ብቻ አታስቀምጡ፤ የኪራዩን ውል፣ የአናጺውን ደረሰኝ፣ ገንዘብ ያዋጣውን ሰው ስም፣ ጎረቤት የጻፈውን የክስ ደብዳቤ ጭምር በመዝገብ ቤታችሁ አኑሩ። አባ ቦረል የዚያን ዳስ ዕዳ በራሱ ላይ መውሰዱን እኛ ልናውቅ የቻልነው፣ አንድ ሰው ያችን የውል ወረቀት ሳይጥል ስላስቀመጠልን ነው።