እንዶድ በቤተ ሙከራ ደጃፍ

የሳይንስ ታሪክ ሲተረክ ጎልቶ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ግኝቱና የአግኚው ስም ነው። ግኝቱ ከታየበት ዕለት አንሥቶ ለሕዝብ ጥቅም እስኪውል ድረስ ያለው ረጅም ጎዳና፣ በጎዳናውም ላይ የጎደለው መሣሪያ፣ የታጣው መለዋወጫና ያልተገኘው የሠለጠነ ረዳት ከታሪኩ ዳር ይቀራሉ። የእንዶድ ታሪክ ግን በዚህ መልክ ሊነገር አይችልም። በእርሱ ዘንድ ግኝቱ የአጭር ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ የቤተ ሙከራ ዕጦቱ የሩብ ምእት ዓመት ታሪክ ነውና።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ስለሚያወጣ፣ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ቢልሃርዚያ በበኩሉ በወንዝና በኩሬ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ በውሃው ውስጥ እየዋኘ፣ ለመታጠብ፣ ለመቅዳት ወይም ለመሻገር የገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን ሰንሰለት ከአንድ ቀለበቱ ላይ መበጠስ ማለት ነው።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም.፣ ትምህርታቸውን በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፈጽመው የተመለሱት ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ዓድዋ ላይ ነበሩ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከእጥበቱ አረፋ ጥቂት ተቀድቶ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ቢጨመር እነዚያም ሞቱ። ለዚህ ሙከራ ያስፈለገው አስተዋይ ዓይን፣ አንድ ዕቃና የወንዝ ውሃ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የመጡት ጥያቄዎች ግን በወንዝ ዳር የሚመለሱ አልነበሩም። ገዳዩ ንጥረ ነገር የትኛው ነው? በምን መጠን ይገድላል? በውሃ ውስጥስ ስንት ጊዜ ይቆያል? ውሃውን የሚጠጣውን ሰውና ከብት ይጎዳልን? እነዚህን ለመመለስ በ1966 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹም ዶክተር አክሊሉ ነበሩ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእርሻው በኩል ልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶችን እየሰበሰቡና እያወዳደሩ፣ ኃይለኛ የሆነውንና «ዓይነት 44» በመባል የታወቀውን ለይተው አወጡ።

የኬሚስትሪው ሥራ ግን ባሕር መሻገር ነበረበት። ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ የታወቀው በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ከሳፖኒኖች ወገን መሆኑ ተረጋግጦ በአግኚው ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። በአገር ቤት ደግሞ ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በዓድዋ ከተማ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው የመስክ ሙከራ፣ እንዶድ በወንዞቹ ላይ እየተረጨ ውጤቱ ተመዘነ። በበሽታው የሚያዙ ትንንሽ ሕፃናት ቁጥር ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ።

ነገሩ በዚህ ተፈጽሞ ሥራው ወደ ሌሎች አገሮች ይሠራጫል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በውሃ ላይ የሚረጭ ማንኛውም ነገር በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ መርዛማነቱ በታወቀ ሥርዓት መመርመር አለበት። ምርመራውም የተወሰነ ሙቀትና ንጽሕና ያለው የእንስሳት ቤት፣ ጥራቱ የተመሠከረለት መኖ፣ የማያቋርጥ መብራት፣ በየጊዜው የሚስተካከል ሚዛን፣ የሠለጠነ ረዳትና እያንዳንዷን ቀን የሚመዘግብ መዝገብ ይጠይቃል። «መልካም የቤተ ሙከራ አሠራር» የተባለው ደንብ በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሕግ ሆኖ ወጣ፤ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ያደጉት አገሮች የኤኮኖሚ ትብብር ድርጅት ተቀበለው። ለደንቡ መውጣት ምክንያት የሆነው በራሷ በአሜሪካ አንዳንድ የንግድ ቤተ ሙከራዎች ላይ የተገኘው ጉድለትና የሐሰት መዝገብ እንጂ የአፍሪካ ተመራማሪዎች ጥፋት አልነበረም። ይሁን እንጂ ደንቡ ከሁሉ ይልቅ የከበደው መሣሪያው በሌላቸው ላይ ነው። በጊዜው በኢትዮጵያ ይህን ምስክር ወረቀት የያዘ ቤተ ሙከራ አልነበረም።

ጥያቄው በራሱ ዐመፅ እንዳልነበረ መመስከር ይገባል። ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ላይ ያልተመረመረ ነገር መርጨት አይገባም፤ እንዶድ ዓሣን እንደሚገድልም የታወቀ ነው። ዐመፁ፣ ምርመራውን የጠየቀ ሁሉ የምርመራውን መሣሪያ የሚሰጥ አለመሆኑ ላይ ነው። ገንዘብ ሰጪው ዓለም አቀፍ ፈቃድን ይጠብቃል፤ ፈቃዱ ምርመራውን ይጠብቃል፤ ምርመራው ደግሞ ገንዘቡን ይጠብቃል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉም ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት እምነት ይነፈገዋል እያሉ በየአደባባዩ አማረሩ።

በ1983 ዓ.ም. በዛምቢያ ርእሰ ከተማ በሉሳካ በእንዶድ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። በ1980ዎቹም ዓመታት በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማእከል ርዳታ የመርዛማነቱ ምርመራ በኦታዋ ከተማ በሥርዓቱ ተካሄደ። በ1989 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት በስዊድን በአንድነት ተቀበሉ። ነገር ግን ጊዜ ማንንም አይጠብቅምና፣ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በመስፋፋቱ የቢልሃርዚያ መከላከያ ዘዴ ቀንድ አውጣውን ከመግደል በሽተኛውን ወደ ማከም ዞሮ ነበር። ለቀንድ አውጣም ቢሆን በዓለም የጤና ድርጅት ዘንድ የተመረጠው ኬሚካል ኒክሎሳማይድ ሆኖ ቀረ።

ከታሪኩ ሁሉ የሚያስገርመው ፍጻሜው ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የገባ አንድ ባለ ዛጎል እንስሳ የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ፋብሪካዎችን ሲያስቸግር፣ በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ እንደሚገድለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር አክሊሉ በተካፈሉበት ሙከራ አረጋገጠ፤ የፈጠራ ባለመብትነትም ወጣበት። የዓድዋ እናቶች የሚያውቁት ፍሬ፣ መሣሪያው በተሟላበት ቤት ብዙም ሳይቆይ ማስረጃ አገኘ።

ለቤተ ሙከራ ባለሙያ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤተ ሙከራ ማለት ማይክሮስኮፕ የተቀመጠበት ክፍል ብቻ አይደለም። መሣሪያ ሲሰበር የሚጠግነው ቴክኒሻን፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ የሚያዝዘው ግምጃ ቤት፣ ሚዛኑን የሚያስተካክለው እጅና መዝገቡን የሚጠብቀው ጸሓፊ ሁሉ አካላቱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በእጁ ያለው እውነት ምስክር ያጣል። ምስክር ያጣ እውነት ደግሞ እንደ ሐሰት ይቆጠራል። ስለዚህ መለዋወጫና ረዳት ይሟላ ብሎ የሚጮኽ ባለሙያ ለራሱ ምቾት እንደ ቆመ ሊታይ አይገባውም፤ የቆመው ዕውቀት ከወንዝ ዳር ተነሥቶ ወንዝ ዳር ላለው ሕፃን እንዲደርስ ነው።