ትርፍ ብሎኑ እጀታው ውስጥ ነው

በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ አንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ቆሞ ስለ እኛ አገር ልጆች አንድ ታሪክ አወራ። ሰውየው የኤምአይቲ ሚዲያ ላብን ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለውን ድርጅትም የመሠረተው እሱ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነበር። ድርጅቱ ትምህርት ቤት የሌለባቸው ሁለት መንደሮችን መረጠ፤ አንዱ ወንጪ፣ እሳተ ገሞራው የፈጠረው ገደል አፋፍ ላይ፤ ሌላው ወለንጪቲ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ። በእያንዳንዱ መንደር ላሉ ሃያ ገደማ ልጆች የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን ተሰጣቸው። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። ለትልልቆቹ ብቻ በሶላር ቻርጅ ማድረጉን አሳዩአቸው። በሳምንት አንዴ አንድ ባለሙያ እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል፤ ልጆቹ ምን ሲነካኩ እንደሰነበቱ የሚታወቀው በሱ ነው።

እንደ ኔግሮፖንቴ አባባል፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ኤቢሲ ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ አንድሮይድን «ሃክ» አደረጉ።

ወሬው ዓለምን ዞረ። እስካሁንም በየጊዜው ብቅ ይላል፤ ያኔ ያልነበረ ሰው አዲስ ነገር መስሎት ሼር ያደርገዋል። ብዙ ሰው የሚይዘው አራት ደቂቃዋን ነው። እኔን ግን የሚያብሰለስለኝ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ሃክ ማድረግ ሲባል ምን አደረጉ?

በወቅቱ እንደተነገረው ነገሩ ይህ ነው። ድርጅቱ የሁሉም ታብሌት ገጽታ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቀር ሴቲንጉን ቆልፎት ነበር፤ ልጆቹ ቁልፉን ዞረው አልፈው እያንዳንዱ የራሱን ታብሌት እንደወደደ አደረገው። ካሜራውም በሶፍትዌር ተዘግቶ ነበር። ልጆቹ ካሜራ እንዳለው ደረሱበት፤ ከፈቱት። በቃ ይኸው ነው። ፊልም ላይ እንደምናየው ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል አላዘነቡም። የተሰጣቸው ዕቃ ከሚያሳያቸው በላይ እንደሚችል ጠረጠሩ፣ ከዚያም ሄደው አረጋገጡ። ለእኔ ሃክ ማለት በትክክል ይህ ነው።

ታሪኩን ከነአነጋገሩ ግን አልቀበለውም። ኔግሮፖንቴ እነዚህ ልጆች ከዚያ በፊት የታተመ ጽሑፍ፣ የመንገድ ምልክት፣ ቃል የተጻፈበት ማሸጊያ እንኳ አይተው አያውቁም ብሎ ነበር። እስቲ የኢትዮጵያ ገጠር ቤት የገባችሁ ፍረዱ። የዘይት ጄሪካኑስ? የስንዴው ማዳበሪያስ? የሳሙናው ወረቀት፣ የባትሪ ድንጋዩ፣ የክብሪቱ ቀፎ? ወለንጪቲ የምትባለው ከተማ ደግሞ ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና ሌት ተቀን የሚያልፍባት ናት። ታብሌቶቹ የደረሱበት መንደር ከአስፋልቱ ቢርቅ እንኳ ሰው ገበያ ይወጣል፣ ዕቃ በላስቲክ ይዞ ይመለሳል። ልጆቹ ማንበብ አይችሉም ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ፊደል የሚባል ነገር ዓይናቸው አላየም ማለት ሌላ። ሁለተኛው ታሪኩን ለማሳመር የተጨመረ ቅመም ይመስለኛል።

ስለ ኤቢሲውም አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ይህን ሲሰማ ወዲያው «ለምን ሀ ሁ አልሆነም?» ይላል። ቆይ ግን። ወንጪም ወለንጪቲም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው፤ ልጆቹ ቤታቸው የሚሰሙት አፋን ኦሮሞ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ «ኤ» የምትባለዋ ምልክት ለነሱ ባዕድ አልነበረችም፤ ባዕድ የነበረው ዘፈኑ ነው። ያንኑ ፊደል በእናታቸው ቋንቋ ቢያገኙት ኖሮ ሁለት ሳምንቱ ምን ያህል ያጥር ነበር? ይህን ማንም አልሞከረውም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ድርጅት ከታብሌቶቹ በፊት ለእኛው አገር ልጆች ሌላ ዕቃ ሰጥቷል፤ ታሪኩን ከዚያ ጋር ካላነጻጸሩት ጣዕሙ አይታወቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ፕሪንተር ነው። 1980 አካባቢ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር በኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። የድሮው ፕሪንተራቸው ወረቀት ሲይዝ ለሚጠባበቁት ሰዎች ሁሉ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ሶፍትዌሩን አሻሽሎት ነበር። አንዱ ሄዶ ወረቀቱን ይነቅለዋል፣ ሥራ ይቀጥላል። ከዚያ ዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ሰጣቸው። አዲሱም ወረቀት ይይዛል፤ ሶርስ ኮዱ ግን አብሮ አልመጣም። ኮዱ ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው ዘንድ መሆኑን ሰምቶ ሄዶ ቢጠይቀው «ላልሰጥ ፈርሜአለሁ» ተባለ። ስቶልማን በዚህ የተቆጣው ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደለትም። በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ፤ ማንም ሊያየው፣ ሊለውጠው፣ ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የሊነክስን ከርነል አመጣ፤ ሁለቱ ተጋጠሙ። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስም የመጣው በ1998 ነው፤ ስቶልማን ይህን ስም አይወደውም። «ፍሪ» በሉት ይላል፤ ዋጋውን ሳይሆን ነጻነቱን ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ሲያስረዳ ዕድሜውን ጨረሰ። እኛም ከዚህ አላመለጥንም፤ «ነጻ ሶፍትዌር» ብትል ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «በነጻ» የሚለውን ነው። በነጻ መስጠትና ነጻ ማውጣት በአማርኛም ከአንድ ሥር ተጣብቀው ቀርተዋል።

የኔግሮፖንቴ ላፕቶፕ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሐሳቡን በ2005 ዳቮስ ላይ ሲያቀርብ መቶ ዶላር ይሸጣል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ቱኒዝ ላይ ከኮፊ አናን ጋር ያሳየው ናሙና በጎኑ የሚሽከረከር የእጅ መዘውር ነበረው፤ መብራት በሌለበት እየዘወሩ ለመሥራት። በኋላ ተመርቶ የወጣው ግን መዘውሩ የለውም፤ ዋጋውም ወደ ሁለት መቶ ዶላር ተጠግቷል። ስቲቭ ጆብስ የአፕልን ኦፕሬቲንግ ሲስተም በነጻ ልስጣችሁ ብሎ ነበር፤ ኦፕን ሶርስ ስላልሆነ እምቢ አሉት። የሁለቱ «ነጻ»ዎች ልዩነት ከዚህ በላይ በምን ይገለጻል?

ኤክስኦ የሚሏት ያች አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ፣ ጆሮ የመሰለ አንቴና ያላት፣ ስክሪኗ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ ውስጧ ሊነክስ ነበር። ማህደረ ትውስታዋ 256 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በእጃችሁ ካለው ርካሽ ስልክ ጋር አትወዳደርም። ግን ሁለት ነገር ነበራት። አንደኛ፣ በአንድ ካቻቢቴ ትፈታለች፤ ትርፍ ብሎኖች ደግሞ እጀታዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሠራት ሰው «ልጁ ይፈታታል፣ ብሎን ይጠፋበታል» ብሎ አስቦ ነው። ሁለተኛ፣ ኪቦርዷ ላይ «ምንጩን አሳየኝ» የሚል ቁልፍ አላት። ስትጫነው የምትጫወትበት ፕሮግራም በምን እንደተጻፈ ያሳይሃል። አብዛኛው በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ እዚያው ነካክተህ ማየት ትችላለህ። ለልጅ በተሠራ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በ2008 አምስት ሺህ ገደማ ኤክስኦዎች ኢትዮጵያ ገቡ። የግዕዝ ፊደል ያለበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። እንግዲህ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ዕቃ ነው፤ ግን የገባው መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪው ደብተሩ ላይ የሚገለብጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ስድሳ ልጅ ፊት ለቆመ መምህር ላፕቶፕ የከፈተ ልጅ ትምህርት የማይሰማ ልጅ ነው። መምህሩን አልወቅስም፤ እሱን ማን አስተማረው? ዕቃውን ያመጡት ሰዎች ለብሎኑ ያሰቡትን ያህል ለመምህሩ አላሰቡም። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኤክስኦ ላይ እንዲጫን በሩን ከፈተ፤ የሶፍትዌሩን ሥራ ይመራ የነበረው ዋልተር ቤንደር ለቅቆ ወጥቶ የላፕቶፑን ገጽታ ብቻውን የሚያስቀጥል ሌላ ቡድን አቋቋመ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቁልፉ የተሰጣቸው ልጆች ክፍል ውስጥ «ዝጋ» ተባሉ፤ የተቆለፈ የተሰጣቸው ልጆች ዛፍ ሥር ማንም ሳያያቸው ከፈቱት። ከዚህ ተነስቶ «መምህር አያስፈልግም» የሚል አለ፤ ኔግሮፖንቴም ወደዚያው ያዘነብል ነበር። እኔ አይመስለኝም። ወንጪ ላይ የነበረው ጊዜ ነው፤ «አትነካካ» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ሃያ ልጅ አንድ ላይ ሆኖ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ማሳየቱ ነው። ይህ ደግሞ የስቶልማን ላቦራቶሪ ነው እኮ! ወረቀት የያዘውን ፕሪንተር ሁሉም ተጋግዞ የሚያስተካክልበት ቤት፣ ፕሪንተሩ ብቻ ሲቀር።

አንድሮይድም ቢሆን ሥሩ ሊነክስ ነው፤ የመጀመሪያው ስልክ በ2008 ከወጣ ጀምሮ ኮዱ ለማንም የሚታይ ነው። ግን ኮዱ ይታያል ማለት ስልክህ ይከፈታል ማለት አይደለም። ስሙን የማልጠራው ድርጅት የሠራው አንድ ስልክ ነበረኝ። ሁለት ዓመት እንደሆነው አፕዴት ቆመ፤ ባትሪውም ስክሪኑም ደህና ነው። ላይኔጅ ኦኤስ የሚባለውን ኦፕን ሶርስ አንድሮይድ ልጫንበት ብዬ ፒያሳ አካባቢ ስልክ ወደሚጠግን ልጅ ወሰድኩት። ገመዱን ሰካ፣ ላፕቶፑን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ ቡትሎደሩ አይከፈትም። ኮዱን የሚሰጠው ካምፓኒው ነው፤ እነሱ ደግሞ ለዚህ ሞዴል አይሰጡም።» ኮዱ የዓለም፣ ስልኩ የእኔ፣ ቁልፉ የነሱ። የዜሮክሱ ፕሪንተር አርባ ዓመት ቆይቶ ኪሴ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

«እኛ ኮድ አንጽፍ፣ ምን ያገባናል?» ለምትሉ፣ አሁን የምታነቡት ፊደል ራሱ የዚህ ክርክር አካል ነው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ድሮ በአንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የኮማና የፐርሰንት ክምር ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላችንን በራሱ ሚስጥር ቁጥር ይሰጠው ስለነበረ ነው። ያንን ያበቃው ማንም ባለቤት ያልሆነበት የጋራ ሠንጠረዥ ነው፤ ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 እትሙ ግዕዝን አስገባ፣ «ሀ» አንድ ቋሚ ቁጥር አገኘች። በላዩ ላይ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ ያሉ ማንም የሚወስዳቸው ፎንቶች መጡ። ገበያው ትንሽ ነው ብሎ ነጋዴ የሚያልፈው ፊደል፣ በር ክፍት ከሆነ አንድ ቸኮል ያለ ሰው ገብቶ ይሠራዋል።

የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ያኔ አንደኛ ክፍል የመግቢያ ዕድሜ ላይ ነበሩ። አሁን የእናንተ እኩዮች ናቸው። ምናልባት አንዳቸው ይህን በስልኩ እያነበበ ነው፤ ከሆነ ካሜራውን እንዴት እንደከፈቱት ከራሱ አፍ ብሰማ ደስ ይለኛል፤ እስከዛሬ የሰማነው ሁሉ ሌላ ሰው ያወራልንን ነው።

ኤክስኦዋን ደግሞ አንድ ወዳጄ ቤት መደርደሪያ ላይ አገኘኋት። ባትሪዋ ሞቷል፣ በቻርጀር ግን ትነሳለች፤ ቀስ ብላ፣ ቡና እስኪፈላ። የሰባት ዓመት ልጁ አጠገቤ መጥታ «ጋሼ፣ ይቺ ምንድናት?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጥ ቁልፉን አሳየኋት። ተጫነችው፤ ጽሑፉ ተዘረገፈ። ዝም ብላ አየችውና አንዱን ቁጥር አጠፋች። ፕሮግራሙ ተበላሸ። «አበላሸሁት?» አለች። «አዎ» አልኳት፣ «አሁን ደግሞ መልሺው።»