የገበያው ቅጽና ቍጥር የሌለው ዕቃ

ፒየር ኦሚድያር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1995 በኋላ ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ገበያ ሲመሠርት፥ ሻጭ ዕቃውን በገዛ ቃሉ ይገልጽ ነበር። በ2015 ግን ገበያው ለብዙ አዳዲስ የፋብሪካ ዕቃዎች የአምራቹ ስምና መለያ ቍጥር በቅጹ ላይ እንዲሞላ አስገደደ። ይኸው ቍጥር በ1974 በኦሃዮ፥ በትሮይ ከተማ ሱቅ በማስቲካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ የተነበበው የባርኮድ ዘር ነው፤ ገዥም ፈላጊውን ዕቃ በቶሎ ያገኝበታል።

በእጅ የተሠራ ጌጥ ግን ቍጥር የለውም። ስለዚህ ሻጮች በባዶው ስፍራ «አይመለከተውም» ብለው ሞሉ፤ ገበያውም ፈቀደ። ነገር ግን ቍጥሩን መፈለግ የታከተው ሻጭ ይህንኑ ቃል ቢጽፍ፥ እውነተኛውን ከሰነፉ የሚለይ ምልክት በቅጹ ላይ አይገኝም። እንግዲህ ቅጽ መልስን ያስገድዳል እንጂ እውነትን አያስገድድም።