የፍየል ግት የመከላከል ኃይል፤ ከበርሊን እስከ ተልተሌ

በቦረና ቆላ፣ ከያቤሎ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በተልተሌ ምድር፣ የአርብቶ አደሩ ክብርና መኩሪያ ላም ናት። ፍየል ከላም በኋላ ትቆጠራለች። የምትታለበውም ብዙውን ጊዜ በሴቶችና በልጆች እጅ ሲሆን፣ ወተቷ ለሕፃናትና ለሻይ ይውላል። ይሁን እንጂ ድርቅ በመጣ ቁጥር ይህ ተራ ይለወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 እስከ 2023 ዓ.ም. ድረስ ዝናቡ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች በተጓደለ ጊዜ የቦረና የቀንድ ከብት በብዛት አለቀ፤ ቅጠል ቀንጥባ የምታድረው ፍየል ግን ድርቁን ከላም በተሻለ ሁኔታ ትቋቋማለች። በእንዲህ ያለው ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ሕፃናት ወተት በፍየሏ ሁለት ጡቶች ላይ ይወድቃል። እነዚህ ጡቶች ራሳቸውን ከበሽታ እንዴት እንደሚከላከሉ የሚያስረዳው እውቀት በምን መንገድ እንደ ተገኘ፣ ለቆላውም መንጋ ምን እንደሚጠቅም መመርመር ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማስታይቲስ የሚባለው የግት ብግነት ከባክቴሪያ እንደሚመጣ በግልጽ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ኤድሞን ኖካር ከባልደረባው ከሞለሮ ጋር በመሆን በ1884 ዓ.ም. የላሞችን ተላላፊ የግት ብግነት መንስኤ ገለጸ። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ የሚታለቡ በጎችን ግት አጥቁሮ የሚያበሰብሰውን ብግነት አጥንቶ አቀረበ። ይህ ሁለተኛው በሽታ በፍየልም ላይ ይደርሳል፤ ግቱ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ እንስሳይቱም ብዙ ጊዜ ትሞታለች። ከዚህ ግኝት አንድ ጥያቄ ተከተለ። ጉረኖው በሙሉ በባክቴሪያ የተሞላ ከሆነ፣ የእያንዳንዷ ፍየል ግት የማይታመመው ለምንድን ነው?

ለመልሱ ሁለት ሊቃውንት በየበኩላቸው መንገድ ከፈቱ። ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1880ዎቹ ዓመታት ባክቴሪያን ውጠው የሚያጠፉ ሕዋሳት መኖራቸውን አስረዳ። ፖል ኤርሊህ ግን ትኩረቱን በደም ፈሳሽ ውስጥ በሚገኘው ፀረ መርዝ ላይ አደረገ። ሁለቱም በ1908 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እጅግ የሚጠቅመው ኤርሊህ ከሉድቪግ ብሪገር ጋር በበርሊን ያደረገውና በ1892 ዓ.ም. የታተመው ሙከራ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት አንዲትን ፍየል የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንድትቋቋም ካደረጉ በኋላ ወተቷን ለአይጦች ቢወጉ፣ አይጦቹ ከበሽታው የሚጠበቁ ሆነው ተገኙ። የመከላከል ኃይል በወተት እንደሚተላለፍ ከተመሰከረባቸው ጥንታዊ ሙከራዎች አንዱ በፍየል ግት ላይ የተደረገው ይህ ነው።

ያ ዘመን በኢትዮጵያ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው፣ ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. የከብት እልቂትና ረኃብ አገሩን ያጠፋበት ዘመን ነበር። የዚያ እልቂት መነሻ የሆነው የከብት ደስታ በሽታ ከዚያ በኋላ የአገሪቱን የእንስሳት ሕክምና አቅጣጫ ወሰነ። በ1964 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የተቋቋመው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ሲያመርት፣ በ1979 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን፣ ትልቁ ጭንቀት መንጋን በአንድ ጊዜ የሚፈጁት ወረርሽኞች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው የዚህ ዓይነቱ የብዙ አገሮች ትጋት ፍሬ ነው። በአንጻሩ የአንዲት ፍየል ግት ቀስ በቀስ መድረቁ ወረርሽኝ ስላልሆነ በቂ ትኩረት ሳያገኝ ኖረ።

ከኤርሊህ በኋላ የተገኘው እውቀት የግት መከላከያ ደረጃ በደረጃ የተደራጀ መሆኑን አሳይቷል። የመጀመሪያው በር የጡቱ ጫፍ ነው። ቀዳዳው በክብ ጡንቻ ይዘጋል፤ የውስጡም ግድግዳ ባክቴሪያን በሚይዝ ኬራቲን በተባለ ሰም መሰል ነገር ተሸፍኗል። ጡንቻው ከታለበች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ላላ ብሎ ይቆያል። ባክቴሪያው ይህን በር ካለፈ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠብቁታል። እነዚህ ሕዋሳት ግን በወተት ውስጥ የሚዋጉት በችግር ነው፤ ከባክቴሪያው ይልቅ የወተቱን ስብና ፕሮቲን ሲውጡ ኃይላቸው ይቀንሳልና። ላክቶፌሪን የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ባክቴሪያ የሚሻውን ብረት ይይዛል፤ መጠኑ የሚበዛውም ግቱ ከነጠፈ በኋላ ነው። ግልገልን በተመለከተ፣ ፀረ አካላት በእንግዴ ልጅ በኩል ስለማይተላለፉላት ያለ መከላከያ ትወለዳለች። ቴዎባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል በ1922 ዓ.ም. እንገር ከተከለከሉት ጥጆች አብዛኞቹ መሞታቸውን አሳይተዋል። የፍየልም ሕግ ይኸው ነው።

የምርመራው ታሪክ ግን ፍየልን በላም ሚዛን የመመዘን ታሪክ ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ሻልምና ኖርላንደር ያቀረቡት የካሊፎርኒያ የግት ብግነት ምርመራ፣ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ከወተት ጋር ቀላቅሎ መርጋቱን የሚያይ ነው፤ ሕዋሳቱ በበዙ መጠን ወተቱ ይረጋል። ዘዴው ርካሽና ለገጠር የሚመች ቢሆንም የተሠራው ለላም ነው። በጤናማ ላም ወተት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ጥቂት ናቸው። በጤናማ ፍየል ወተት ውስጥ ግን ብዙ ናቸው፤ የእልበቱ ጊዜ ሲገባደድም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,000,000 ሊበልጡ ይችላሉ። የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ለላም ወተት የወሰኑት ጣሪያ 400,000 ሲሆን፣ ለፍየል ወተት እንዲህ ያለ ጣሪያ አላስቀመጡም። ከዚህም ሌላ የፍየል ግት ወተቱን ሲያመነጭ ከራሱ ሕዋሳት ቁራጭ ይለቃል፤ ቁራጩም መጠኑ ከነጭ የደም ሕዋስ ጋር ስለሚቀራረብ ልዩ ቀለም ሳይጠቀም የሚቆጥረውን ያሳስታል። ስለዚህ ለላም የሕመም ምልክት የሆነው ቁጥር ለፍየል የጤና ምልክት ሊሆን ይችላል።

ይህ ስሕተት በተልተሌ ዋጋ አለው። ጤነኛዋ ፍየል ታማለች ተብላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብትወጋ ገንዘቡ ይባክናል፤ መድኃኒቱ በወተቱ ስለሚቀር ሕፃናቱ ለቀናት ወተት ያጣሉ፣ ወይም መድኃኒት የቀረበትን ወተት ይጠጣሉ። በሌላ በኩል እውነተኛው ስውር ብግነት ሳይታወቅ ይቀራል። በ2010 ዓ.ም. የታተመው በቦረና አርብቶ አደሮች የሚታለቡ ፍየሎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ዓይን ከሚያየው ብግነት ይልቅ ስውሩ እንደሚበዛ አመልክቷል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው በፍየሏ አካል ላይ ይገኛል። የግቷ ሁለት ክፍሎች የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ ወተት ወደ ሌላው አያልፍም። ስለሆነም ሐኪሙ የቀኙን ከግራው ጋር ቢያስተያይ፣ ፍየሏን በራሷ ሚዛን መዘናት ማለት ነው። ሁለቱም ክፍሎች በመጠኑ እኩል ከረጉ ብዙውን ጊዜ ተፈጥሮዋ ነው፤ አንዱ ብቻ በብርቱ ከረጋ ግን የሕመም ምልክት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያውን በር መጠበቅ ነው። የግራር እሾህ የጡቱን ቆዳ ይቀዳል፤ አፈ ረጅሙ መዥገር ጫፉን አቁስሎ በሩን ያበላሻል። መዥገርን ከግት ላይ መልቀም፣ የታመመችውን በመጨረሻ ማለብ፣ በመካከሉ እጅን መታጠብ፣ የታለበችው ፍየል ወዲያው በበጠጥ ላይ እንዳትተኛ ማድረግ፣ የመጀመሪያውን እንገር ለግልገሏ መተው፣ ከመድኃኒት ቤት ርቆ ለሚኖር ሕዝብ የሚቻሉ ተግባራት ናቸው።

ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር እጅ መታጠብ እንኳ ቀላል ምክር እንዳልሆነ የሙያው ባልደረቦች ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ከኤርሊህ ፍየል ወዲህ የተሰበሰበው እውቀት የሚመሰክረው፣ ግት ራሱ ብርቱ ተከላካይ መሆኑን ነው። የሐኪሙ ተቀዳሚ ሥራ ይህን ተከላካይ ማወቅና ማገዝ ነው። ምክሩም በቅድሚያ መድረስ ያለበት ፍየሏን በየማለዳው ለሚያልቡት ለተልተሌ ሴቶችና ልጆች ነው።