ሳይቃጠል በቅጠል፦ የጅቡቲ ከተማ ጤና ጥበቃ ከወደቡ በር እስከ መድን ካርዱ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው አባባል በሁለት ቃል ትልቅ ምክር ይዟል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ገንዘቡን ለማዋጣት የሚነሣሣው አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ከተቀጣጠለ በኋላ ነው። እድራችን ድንኳኑን የሚተክለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የጤና መድንም ቢሆን አስቀድሞ የታሰበው ለታመመ ሰው ነበር። በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመን በ1883 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሕመም መድን ሕግ፣ ሠራተኛው ሲታመም ሐኪምና መድኃኒት፣ ከሥራ ሲቀር ደግሞ ከደመወዙ ከፊሉን እንዲያገኝ የሚያደርግ ነበር። ጤነኛው እንዳይታመም መጠበቅ ግን የሕጉ ዋና ዓላማ አልነበረም። ታዲያ ሰውን ከመታመሙ በፊት መጠበቅ የማን ዕዳ ነው? የምንኖርባት የጅቡቲ ከተማ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥታለች።

የመጀመሪያው መልስ የወደብ መልስ ነበር። ከተማይቱ በ1888 ተቆርቁራ በ1896 በኦቦክ ምትክ የቅኝ ግዛቱ መናገሻ ሆነች። በ1897 የምድር ባቡሩ ሥራ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታትን ያስጨነቃቸው በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር በኩል በመርከብ የሚመጣው ኮሌራ ነበርና፣ በ1892 በቬኒስ ተሰብስበው መርከቦች የሚመረመሩበትንና የሚቆዩበትን ደንብ ተዋዋሉ። እንዲህ ያለው ጥበቃ መከላከል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሚጠበቀው ንግዱና የባሕር ማዶው አገር እንጂ በወደቡ ዳር ሸክም የሚሸከመው ሰው አልነበረም።

የወደብ ጥበቃ ብቻውን እንደማይበቃ በ1918 ታየ። ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያም ዘልቆ በኅዳር ወር አዲስ አበባን ክፉኛ መታ፤ «የኅዳር በሽታ» የሚለውን ስም ያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታምመው በጭንቅ ተርፈዋል። ከባሕር የመጣውን ሸቀጥ በቀናት ውስጥ ወደ መሃል አገር የሚያደርሰው አዲሱ ሐዲድ በሽታውንም ሳያጓጉዝ እንዳልቀረ ይታመናል። ከዚያ መከራ የተረፈልን ልማድ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ነው። «ኅዳር ሲታጠን» ከሥርዓቱ ባሻገር አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ግቢውን ብቻውን የሚያጸዳ ሰው ጎረቤቱ ቆሻሻውን ካከማቸ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው መልስ የደመወዝ መልስ ነው። በታኅሣሥ 1952 የወጣው የፈረንሳይ የባሕር ማዶ ግዛቶች የሥራ ሕግ በያኔዋ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍም የተሠራበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አሠሪ ለሠራተኞቹ የሕክምና አገልግሎት እንዲያሰናዳ ያስገድድ ነበር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ጤና የአሠሪው በጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ግዴታው ሆነ። ነገር ግን መብቱ የተመዘገበው ደሞዝተኛ መብት ነበረና፣ በቀን ሒሳብ የሚያድረው ተሸካሚ፣ በሰው ቤት የምታገለግለው ሴት፣ በጉሊት የምትሸጠው እናት ከደጅ ቀሩ። በ1966 ደግሞ ከተማይቱ በሽቦ አጥር ተከበበች፤ ሊገቡ ያልተፈቀደላቸውም ከአጥሩ ውጭ በባልባላ ሰፈሩ። ከተማይቱ ነዋሪዋ ማን እንደሆነ በሽቦ ለመለየት ሞከረች ማለት ነው።

በሽታ ግን በሽቦ እንደማይገታ የፈንጣጣ ታሪክ ይመሰክራል። ፈንጣጣ በዓለም ላይ የመጨረሻ ምሽጉ ያደረገው ይህንኑ የእኛን ቀጣና ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው ሰኔ 27 ቀን 1977 ሲሆን፣ ከአራት ወራት በኋላ በሶማሊያዋ መርካ ከተማ የተገኘው ሰው በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው የዓለም ሰው ሆነ። የክትባት ሠራተኞች ይህን ድል ያገኙት የዘላኑን ሰፈር፣ የከተማውን ጎጆ፣ የድንበሩን ኬላ እያሰሱ ነው። የደመወዝ ወረቀትም የነዋሪነት መታወቂያም አልጠየቁም፤ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አንድ ያመለጠ ሰው ሁሉንም ድካም ባፈረሰው ነበር።

ሦስተኛው መልስ የነዋሪነት መልስ ነው። በ2008 የማኅበራዊ ዋስትና ተቋማት ተዋሕደው ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት ተቋቋመ፤ በየካቲት 2014 ደግሞ የሁሉን አቀፍ የጤና መድን ሕግ ወጣ። ሕጉ ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው ሠርተው የሚያዋጡ ሰዎች የሚገቡበት አስገዳጅ መድን ሲሆን፣ ሁለተኛው ማዋጣት ለማይችሉ ችግረኞች የተዘጋጀ የማኅበራዊ ጤና ድጋፍ ነው። በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግም ለስደተኞች የጤና አገልግሎት በር ከፍቷል። ከደሞዝተኛው ወደ ነዋሪው መሻገር በዚህች ከተማ ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን መድን ሁልጊዜ ካርድ ይጠይቃል። ስለዚህ መከላከልን በመድን ውስጥ እንዴት ማስገባት ይቻላል የሚለው ጥያቄ አገሮችን አከራክሯል። አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ ክትባትንና የተመረጡ ቅድመ ምርመራዎችን መድኑ ከታካሚው ኪስ ሳያስከፍል እንዲሸፍን አዘዘች፤ ሆኖም መድን የሌለው ሰው ከዚህ ውጭ ነው። ኢትዮጵያ የተለየ መንገድ ያዘች። በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የመከላከል ትምህርትና አገልግሎት እንዲሰጡ አደረገች፤ ክትባትና የነፍሰ ጡር ክትትልም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ የሚሰጡ ሆኑ። በ2011 በፎገራ፣ በደቡብ አቸፈርና በተሁለደሬ፣ እንዲሁም በሌሎች ክልሎች ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ደግሞ በዋነኛነት የሕክምናውን ወጪ እንዲሸከም ተደረገ። መድኑ ለታመመው፣ መከላከሉ ለሁሉም ማለት ነው።

ይህ ክፍፍል ለምን እንደሚበጅ የጅቡቲ ከተማ ወባ አሳይቷል። በ2012 በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ስለነበር በሽታው ሊጠፋ ነው የሚል ተስፋ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማይቱ ተገኘች። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ ብቻ አትሻም፤ ውኃ በሚጠራቀምበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2020 የሕመምተኛው ቁጥር ከ70 ሺህ በላይ ደረሰ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በተነሣው የወባ ወረርሽኝም የዚህችው ትንኝ እጅ ተገኝቶበታል፤ የ1918ቱ መንገድ እንደገና ተሄደበት ማለት ነው። በግንቦት 2024 በአምቡሊ ሴቴ ዘር እንዳያድግ ተደርገው የተዘጋጁ ወንድ ትንኞች ተለቅቀዋል። የትኛውም የመድን ካርድ የጎረቤትን በርሜል አይከድንም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመድን መብት ያለን ሳንታመም እንመዝገብ፤ ነፍሰ ጡሯ ሳያማት ክትትል ትጀምር፤ የሕፃኑ ክትባት ቀኑ አይለፍ። ሁለተኛው ደግሞ ለራሳችንም ሲባል ወረቀት የሌለውን ወገን አንርሳ። በሰው ቤት የምትሠራውና ውኃውን የምታጠራቅመው፣ ሕፃኑን የምታዝለውና ምግቡን የምታበስለው እህት ካርድ ባይኖራት፣ ክትባቱና ምርመራው እርሷን ዘልሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ ካርድ ያለው ባለቤትም አልተጠበቀም። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የቆየ ምክር የሚሠራው ሁሉም ሲጠነቀቅና ሁሉም ሲጠበቅ ነው።